የኤንትሬው ወንበር፦ ከአንድ አሮጌ ጋቢና የተገኘ የኅብረት ሥራ ታሪክ

የዩኒየናችንን ግቢ የረገጠ አባል ሁሉ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ የኖረውን አሮጌ የፊያት ጭነት መኪና ያውቀዋል። ነባር አባሎቻችን "ኤንትሬው" እያሉ ይጠሩታል። ዩኒየኑ በተቋቋመ ሰሞን በጨረታ የተገዛ የመጀመሪያ ተሽከርካሪያችን ሲሆን፣ ከመሠረታዊ ማኅበራት እህል እየሰበሰበ፣ ሲመለስም ማዳበሪያ እየጫነ ለዓመታት ካገለገለ በኋላ በእርጅና ምክንያት ከሥራ ወጥቷል።

ለዘንድሮው የምሥረታ በዓል መኪናው ታድሶ ለእይታ እንዲቀርብ ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤው በቀላሉ አልተቀበለውም። "የማዳበሪያ ዋጋ ከአቅማችን በላይ በሆነበት ዘመን ለአሮጌ ብረት ገንዘብ የምናወጣው ለምንድን ነው?" ያሉ አባላት ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ከረጅም ውይይት በኋላ እድሳቱ በተወሰነ በጀት፣ በአገር ውስጥ ባለሙያና በአገር ውስጥ ዕቃ እንዲከናወን ተወስኖ የእድሳት ኮሚቴ ተመረጠ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነው።

ሁላችንም የፈራነው ሞተሩን ነበር። ሆኖም ሞተሩና ካምቢዮው ልምድ ባላቸው መካኒኮች እጅ ተነሡ። የዛገው ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ተበየደ። ያላሰብነው ችግር የመጣው ከወንበሩ ነው። የሹፌሩ ወንበር ጨርሶ የለም፤ በቦታው የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል። የረዳቱ አግዳሚ ወንበር ደግሞ ቅርጹ ጠፍቶ የተጠቀለለ ፍራሽ መስሏል። ወንበሩን ስንፈልግ ያገኘነው ታሪክ የአርሶ አደሩ እህል በማን መኪና፣ በማን ዋጋ ሲጓዝ እንደኖረ የሚያስረዳ በመሆኑ ለአንባቢያን ልናካፍለው ወደድን።

የመኪናው ማንነት

ፊያት 682 የተባለው የጭነት መኪና ከጣሊያኑ ፊያት ኩባንያ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ኩባንያው ሙሉ የጭነት አካል ያለውን መኪና "ኤን"፣ ከፊል ተሳቢ የሚጎትተውን ደግሞ "ቲ" በሚል ፊደል ይለየው ነበር። የ"ኤን" ሦስተኛ እትም በጣሊያንኛ "ኤኔ ትሬ" ተባለ፤ "ትሬ" ማለት ሦስት ማለት ነው። የእኛ ሹፌሮች አሳጥረው "ኤንትሬ" አሉት። በአውሮፓ በአዳዲስ ሞዴሎች ከተተካ በኋላም ለአፍሪካ ገበያ እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ መመረቱ ቀጥሏል። ስድስት ሲሊንደር ያለው ትልቅ የናፍጣ ሞተሩ የረቀቀ መሣሪያ አይፈልግም። መካኒኩ ከመንገድ ዳር፣ በእጁ ባሉት መፍቻዎች ሊፈታውና ሊገጥመው ይችላል። በአገራችን ዘመኑን ሁሉ የቆየበት ዋነኛ ምክንያትም ይኸው ነው።

በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን የጭነት መኪኖች ሲገጣጥም ኖሯል። ኢቬኮ እ.ኤ.አ. በ1975 የፊያትን የከባድ መኪና ሥራ ከሌሎች አምራቾች ጋር በማዋሐድ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። በዚህ የተነሣ የሞተር፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ዕቃ በአገራችን ገበያ ለረጅም ጊዜ ሲገኝ ቆይቷል።

ወንበር ግን እንዲህ አይደለም። ሞተር ሲበላሽ መኪናው ይቆማል፤ ወንበር ሲበላሽ ሹፌሩ ጆንያ አጥፎ ይቀመጥና ይነዳል። ስለዚህ የወንበር መለዋወጫ አስመጥቶ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ነጋዴ አልነበረም። እያንዳንዱ ባለንብረት ያገኘውን እያደረገበት፣ እየደረተበት ኖረ። መኪናው ከአገልግሎት ሲወጣም ሞተሩ ተፈትቶ ይሸጣል፣ ጎማውና ቸርኬው ገዢ አያጣም፤ ወንበሩ ግን ዝናብ ላይ ተጥሎ ይበሰብሳል።

መሪው በቀኝ የሆነበት ምክንያት

ወንበር ስንፈልግ በመጀመሪያ ያጠናነው የጋቢናውን አሠራር ነው። ኤንትሬ አፍንጫ የለውም፤ ሞተሩ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል፣ በኮፈን ተሸፍኖ ጋቢናው ውስጥ ይገኛል። ቆላ በወረደ ቁጥር ሙቀቱ እግር ያቃጥላል። የሹፌሩ ወንበር በቀኝ በኩል ብቻውን የቆመ ሲሆን፣ በግራ በኩል ያለው አግዳሚ ደግሞ ለረዳቱና ለሌላ አንድ ሰው የሚሆን ነው።

መሪው በቀኝ የሆነው በስሕተት አይደለም። የጣሊያን ከባድ መኪና አምራቾች በተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የመንገዱን ጠርዝ በዓይኑ እያየ እንዲነዳ በማሰብ መሪውን በቀኝ የማድረግ የቆየ ልማድ ነበራቸው። ጣርማበርን ወይም የዓባይን በረሃ በሌሊት የወረደ ሹፌር የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። ከጎሐ ፅዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጎማው ከገደሉ ጫፍ ምን ያህል እንደራቀ ማየት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ ጥቅሙ ጉዳትም ነበረው። በአገራችን ተሽከርካሪዎች ቀደም ሲል በመንገዱ ግራ ይሄዱ የነበረ ሲሆን፣ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ቀኝ ይዘው እንዲሄዱ ተደርጓል። ከዚያ ቀን በኋላ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና የሚነዳ ሹፌር ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከተቃራኒ የሚመጣውን ማየት ይቸግረዋል። የሚያይለት በግራ በኩል የተቀመጠው ረዳት ነው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "እለፍ" ሲለው ያልፋል፣ "ቆይ" ሲለው ይቆያል። ስለዚህ የግራው አግዳሚ የእንግዳ ማረፊያ አልነበረም፤ የሥራ ቦታ ነበር። ረዳቱ መንገዱን አጥርቶ እንዲያይ ወንበሩ በቂ ከፍታ ሊኖረው ይገባል። እኛም ከዚህ በመነሣት "የተገኘው ወንበር ይግባበት" የሚለውን ሐሳብ ውድቅ አደረግነው።

ሶማሌ ተራና ምን አለሽ ተራ

ኮሚቴው ሁለት ሰዎችን ወደ አዲስ አበባ ላከ። በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች በአክብሮት አስተናገዱን። የቀረበልን ግን በአብዛኛው የአይሱዙና የሌሎች አዳዲስ መኪኖች ወንበር ነበር። መልኩ ያማረ፣ ድሎቱም የተሟላ ነው። ሆኖም ይዘነው የሄድነውን ልኬት ስናመሳክር አልገጠመም። አንዳንዱ ከሥሩ ያለው የመወዛወዣ አካል ከፍ ስለሚያደርገው የሹፌሩን ጉልበት ከመሪው ጋር ያጋጨዋል። ሌላው ደግሞ ዝቅ ብሎ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ለመርገጥ ወደፊት እንዲንሸራተት ያስገድደዋል። የብሎኖቹ ቀዳዳ ርቀትም ለየቅል ነው። ወለሉን በአዲስ በስተን እንግጠመው ብንል፣ ወንበር የሚይዘው ብሎን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ድጋፍ ጭምር ስለሆነ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ተነቅሎ ሊወጣ እንደሚችል መካኒኮቹ አስጠነቀቁን።

የኋላ ኋላ አንድ አዛውንት መካኒክ ጥሩ ምክር ሰጡን። "682ን ብቻ አትፈልጉ፤ ወንድሞቹንም ፈልጉ" አሉን። ፊያት በዚያው ዘመን ያመርታቸው የነበሩት 690 እና 643 የተባሉት መኪኖች ጋቢናቸው ከኤንትሬው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ይህን ይዘን ወደ ምን አለሽ ተራ ዘለቅን። በመርካቶ ያለው ይህ ሰፈር የተጣለ ብረት፣ ጣሳና በርሜል ወደ ምጣድ፣ ወደ ምድጃና ወደ ማጭድ የሚለወጥበት ቦታ ነው።

የፈለግነውን ያገኘነው ከአንድ ብረት በያጅ ደጃፍ ነው። ሰውየው ሥራ የሚሠሩት በአሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ፈቃዳቸውን ጠይቀን ስንለካው የብሎኖቹ ቀዳዳ ከእኛ መኪና ወለል ጋር ልክ ሆነ። ልብሱ የለም፣ ሞላዎቹም ግማሹ ተሰብረዋል፤ የብረት አካሉ ግን ደህና ነው። እንዲሸጡልን ስንጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁና "እኔስ ምን ላይ ልቀመጥ?" አሉን። ከብዙ ንግግር በኋላ ከዋጋው በተጨማሪ አዲስ ወንበር ገዝተን ልንሰጣቸው ተስማማን።

ሌላው ችግር የተፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። የግዥ መመሪያችን ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል። ከአንድ ደጃፍ ብቻ ለተገኘ አሮጌ ወንበር ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ይመጣል? ደረሰኝም የለም። የኮሚቴው አባላት በስልክ ተነጋግረን ግዥው ለምን ከአንድ ሻጭ እንደተፈጸመ የሚያስረዳ ቃለ ጉባኤ ያዝን። የቁጥጥር ኮሚቴውም መርምሮ አጸደቀው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም የጻፍነው በምክንያት ነው። የአባላት ገንዘብ ለወንበርም ይውጣ ለትራክተር በወረቀት ካልተደገፈ ነገ ሐሜት ይወልዳል።

ከአግዳሚው ውስጥ የወጣው

የሹፌሩ ወንበር አካል በዚህ መልክ ተገኘ። የግራው አግዳሚ አካል ግን መኪናው ላይ ስላለ በአዲስ ለመልበስ ሲባል ልብሱን ፈታነው። በዚያን ቀን የነበርነው ሁሉ ሥራ አቁመን ተሰበሰብን። ከላይ የተቀደደ ቆዳ መሰል ፕላስቲክና የረገፈ ስፖንጅ ነበር። ከሥሩ "ዳፕ 50 ኪ.ግ." የሚል ጽሑፍ ያለበት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥፎ ተሰፍቷል። ከእሱ ሥር ፊደሉ የደበዘዘ የቃጫ ጆንያ ተነጥፏል። ከሁሉም ሥር ፋብሪካው የሠራቸው ሞላዎች አሉ። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አንዱ የሌላውን ሳያነሣ እየደረበበት ኖሯል።

ሞላዎቹ የመጀመሪያው ዘመን ናቸው። በዚያ ዘመን አርሶ አደሩ እህሉን በአህያ ጭኖ እስከ መኪና መንገድ ያደርሳል። ከመንገዱ በኋላ ያለው የነጋዴው ነው። መኪና ያለው ዋጋ ይቆርጣል፤ እህሉን መልሶ ለመጫን አቅም የሌለው አርሶ አደር የተባለውን ተቀብሎ ይመለሳል። ስለ ኅብረት ሥራ የወጣው የመጀመሪያው ሕግ የ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 44 ሲሆን፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 ወጥቷል። ነገር ግን መሬቱ የሌላ ሰው በሆነበት አገር ጭሰኛው በማኅበር ተደራጅቶ የሚሸጠው ትርፍ ምርት ብዙም አልነበረውም። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

የቃጫው ጆንያ የሚያስታውሰን የኮታውን ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል የሚገዛው መንግሥት በወሰነው ዋጋ ነበር። የገበሬ ማኅበራትና የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ኮታውን የመሰብሰብ ኃላፊነት ተጣለባቸው። ዋነኞቹ አቅራቢዎች ጎጃም፣ አርሲና ሸዋ ነበሩ። በየኬላው እህል ይፈተሻል፣ የግል ጭነት መኪኖችም በቀጠና ተደራጅተው ጭነት በተራ ይደለደልላቸዋል። ማኅበሩ የአባሉን ጥቅም ማስጠበቅ ሲገባው ኮታ ጠያቂ ሆኖ ተገኘ። "ማኅበር" የሚለው ቃል ራሱ በብዙ አርሶ አደር ዘንድ የተጠላው በዚህ ምክንያት ነው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የኮታው ግዴታ ቀረ፤ ብዙ ማኅበራትም ወዲያው ፈረሱ፣ ንብረታቸውም ተዘረፈ። የዛሬ የሥራ ኃላፊዎች አባላት በስብሰባ ላይ ለምን አብዝተው እንደሚጠራጠሩ ሲገርማቸው ይህን ጆንያ ቢያስታውሱ መልካም ነው።

የማዳበሪያው ከረጢት ደግሞ የእኛ ዘመን ነው። የግብርና ኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 85/1986፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጡ በኋላ ማኅበራት በአባላት ፈቃደኝነት እንደገና መደራጀት፣ መሠረታዊ ማኅበራትም ተባብረው ዩኒየን ማቋቋም ጀመሩ። አሁን የምንተዳደርበት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። የእኛም ዩኒየን የተወለደው በዚህ ሂደት ሲሆን፣ ያንን አሮጌ መኪና በጨረታ ሲገዛ "ብረት ገዙ" ብለው ያፌዙ እንደነበሩ ነባር አባላት ያወሳሉ። ነገር ግን መኪናው ወደ መሠረታዊ ማኅበራቱ መውጣት ሲጀምር፣ ነጋዴው "ካልሸጥክልኝ ማን ይጭንልሃል?" የሚለውን ንግግሩን እንደተወ የሚመሰክሩም እነሱ ናቸው። ኤንትሬው ያን ጊዜ የአባላትን እህል ሁሉ አልጫነም፤ አቅሙም አልነበረውም። የሚጭን ሌላ መኪና መኖሩ ግን ለድርድር በቂ ነበር።

የአንድ አባት አስተያየት

ወንበሮቹ እየተሠሩ ሳለ አንድ በዕድሜ የገፉ አባላችን ወደ ጋራዡ መጡ። በጉባኤው ላይ እድሳቱን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ናቸው። ጋቢናውን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና "በዚህ መኪና ስንት ጊዜ ተጉዣለሁ መሰላችሁ! ወንበሩን ግን ገና ዛሬ አየሁት" አሉ። እሳቸው ይሄዱ የነበረው ከጆንያው ላይ፣ ከሽራው ሥር ነው። ለፀሐዩም ለዝናቡም እኩል ነበሩ። ቀጥለውም "ለሹፌሩ ወንበር አገኛችሁለት። የኛስ ቦታ የታለ?" ብለው ጠየቁን።

መልስ አልነበረንም። በጭነት ላይ ሰው መጫን ስንት ወገን የጨረሰ አደገኛ ልማድ ስለሆነ በሥዕልም ቢሆን የሚወደስ ነገር አይደለም። ነገር ግን መኪናውን በሁለት ያማሩ ወንበሮች ብቻ አድሰን ብናቆመው አርሶ አደሩ በዚህ መኪና ላይ የነበረውን ቦታ የማይናገር ታሪክ እናቆም ነበር። ኮሚቴው በዚሁ ጉዳይ ላይ ተሰብስቦ ሦስት ነገር ወሰነ።

አንደኛ፣ የሹፌሩ ወንበር እንደ ቀድሞው ተሠርቷል። የተሰበሩት ሞላዎች ከሌላ ወንበር በተገኙ ተተክተው በሽቦ ታስረዋል፤ በላያቸው ወፍራም ሽራ ተወጥሮ፣ ደረቅ ስፖንጅ ተደርጎ፣ ቡናማ ቆዳ መሰል ልብስ ለብሷል። ስፖንጁ ደረቅ እንዲሆን የተመረጠው ሹፌሩ ትልቁን መሪ ሲያዞር ጀርባውን የሚያስደግፈው ጠንካራ ነገር ስለሚያስፈልገው ነው። ሁለተኛ፣ የግራው አግዳሚ ከፍታው ተስተካክሎ ሲለብስ ጆንያውና የማዳበሪያው ከረጢት አልተጣሉም። አቧራቸው ተራግፎ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። የልብሱ አንድ ጎንም በማሰሪያ የሚፈታ ስለሆነ ጎብኚ ከፍቶ ሊያያቸው ይችላል። ሦስተኛ፣ የጭነት ሳጥኑ ባዶውን እንዲቆም ሆኖ በጎኑ ላይ አባላት ከእህላቸው ጋር በዚህ ላይ ይጓዙ እንደነበር የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፏል። ጽሑፉ ከመለጠፉ በፊት ለእኚሁ አባት ተነቦላቸው "ዝናቡን ጨምሩበት" ስላሉ ተጨምሯል።

ለአባላት የቀረበ ጥሪ

የእድሳቱ ወጪ በዝርዝር በዚህ ዓመት የኦዲት ሪፖርት ውስጥ የተካተተ ስለሆነ ማንኛውም አባል ማየት ይችላል። ከተፈቀደው በጀት አልበለጠም።

ኮሚቴው በሥራው ላይ ያጋጠመው ትልቁ እጥረት የጽሑፍ ማስረጃ ነው። መኪናው የተገዛበት ሰነድ እንኳ የተገኘው ከብዙ ፍለጋ በኋላ፣ አይጥ ከበላው ሣጥን ውስጥ ነው። "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" የሚለው የአበው ብሂል ለወንበር ብቻ የተነገረ አይደለም። በየመሠረታዊ ማኅበራችሁ ያሉ የቆዩ ቃለ ጉባኤዎች፣ የአክሲዮን ደረሰኞች፣ የእህል መረካከቢያ ካርኒዎችና ፎቶግራፎች ሳይጠፉ ወደ ዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ብታመጡልን ቅጂ አስቀርተን ዋናውን እንመልሳለን። የኤንትሬው የጎን መስታወትና የግራ በር እጀታ አሁንም አልተገኙም፤ በየቤቱ ወድቀው ካሉ እንቀበላለን።

መኪናው በበዓሉ ቀን ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ይቆማል። ወደ ጋቢናው መውጫው ከፍ ያለ ስለሆነ መሰላል ተዘጋጅቷል። በግራው አግዳሚ ላይ ቅድሚያ የሚቀመጡት ከጭነቱ ላይ ይጓዙ የነበሩ አባቶችና እናቶች ናቸው።